በዓል ሲደርስ ሆዴን ባር ባር ይለኛል

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ስድስት። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔም ባለቤቴም የቢሮ ሠራተኞች ነን። በዓል በደረሰ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔን ይጨንቀኛል። ዋዜማውን ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዶሮ ሳጥብ፣ ቤት ስወለውል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። በነጋታው እንግዳ ሲመጣ በቁሜ እንቅልፍ ይጥለኛል። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ገበያ ወጥቶ ይገዛል፣ ዶሮውን ያርዳል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ልጆቹ ስልክ ላይ እንደተደፉ ይውላሉ። ባለፈው ፋሲካ ልጄ «እማዬ፣ በዓሉ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በእናቴ ቤት በዓል እንዲህ አልነበረም። አሁን ባለቤቴ «ለእንቁጣጣሽ ሆቴል ሄደን እንብላና እንገላገል» እያለኝ ነው። አማቴ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም። ከበዓል ውጭም ቢሆን ወጣ ብለን አናውቅም። እሑዴ በልብስ አጠባ ያልቃል። መዝናናት ሲባል የሚታየኝ ወጪው ነው። በዓሉን ልተወው? ወይስ ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው?

የደከማት እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦

እህቴ፣ አንቺ ጋ ምንም ችግር የለም። ደክሞሻል። የደከመ ሰው ደግሞ ፊቱ ድግስ ቢደረደርለትም አይጣፍጠውም።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። «በእናቴ ቤት በዓል እንዲህ አልነበረም» ብለሽ አልፈሻታል። እኔ ግን ከእሷ ልጀምር። እስቲ የእናትሽን ጓዳ መለስ ብለሽ አስቢው። ሥራው ያኔ ያንስ ነበር? በፍጹም። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ጠላው ከሳምንታት በፊት ይጠነሰሳል። ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ ከታችም ከላይም እሳት ይነድበታል። ያንቺ የዛሬ ሥራ ከዚያ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ታዲያ ያኔ ለምን ደስ ይል ነበር? እናትሽ ብቻዋን ስላልነበረች ነው። አክስትሽ አለች፣ ጎረቤት አለች፣ ከገጠር የመጣች ዘመድ አለች። አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሌላዋ ዶሮ ትበልታለች፣ አንዷ ቡና ትቆላለች። ወሬው አይቋረጥም። ሽንኩርቱ እያስለቀሳቸው ይስቃሉ። ልጆች መሀላቸው እየተሽሎከለኩ የተቀቀለ እንቁላል ይሰርቃሉ። ዋዜማው ራሱ በዓል ነበር። በነጋታው የሚበላው የዚያ ቀጣይ ነው።

ያ ሁሉ ሥራ አንቺ ጋ ሲደርስ እጆቹ መንገድ ላይ ቀሩ። አምስት ሴቶች ይሠሩት የነበረውን አንቺ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በጠባብ ጓዳ፣ ከቢሮ መልስ ብቻሽን ትሠሪዋለሽ። ስለዚህ የምመክርሽ በዓሉን እንድትተዪው አይደለም። እጆቹን እንድትመልሺ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከባለቤትሽ ጀምሪ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ራስሽ ነግረሽኛል፤ ስለዚህ ጠብ አያስፈልግም። ግን ጊዜውን ምረጪ። ዋዜማ ማታ፣ እጅሽ በሽንኩርት ርሶ፣ ተናደሽ የምትናገሪው ነገር ወቀሳ ሆኖ ነው የሚሰማው። አሁን፣ ገና ጊዜ እያለ፣ ቁጭ ብላችሁ ንገሪው። «እርዳኝ» አትበዪው። የሚረዳ ሰው ሲጠሩት ይመጣል፣ ካልጠሩት ይቀመጣል። «ሽንኩርቱ ያንተ ነው» በዪው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎም ከዚያ በላይም ሽንኩርት ይገባል። እሱን ልጦ፣ አድቅቆ ከትፎ፣ ድስት ውስጥ የሚጨምረው እሱ ይሁን። መጀመሪያ ያለ ዘይት እያማሰለ ያቁላላው። ውሃው መጥጦ፣ ከስሞ፣ መልኩ ወርቅማ እስኪሆን ከአጠገቡ እንዳይርቅ። ይህ ትዕግሥት እንጂ የተለየ ሙያ አይጠይቅም። ወንድ ጓዳ ገባ ተብሎ የሚታማበት ጊዜ አልፏል። በብዙ ቤት ፈረሰኛው የአባወራው ድርሻ ነው። ሽንኩርቱን ያቁላላ አባወራ ሲበላው ደግሞ የበለጠ ይጣፍጠዋል።

ቁሌቱን ዋዜማ ላይ መሥራት ግዴታ አይደለም። ይህን ብዙ ሴቶች ያውቁታል፣ ግን ሲጨንቃቸው ይረሱታል። ሽንኩርቱ ከበርበሬውና ከዘይቱ ጋር በደንብ ከበሰለ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ያለ ችግር ይቆያል። እንዲያውም ሲያድር ይዋሃዳል። ዋዜማ ላይ የሚቀርሽ ቁሌቱን አሙቆ ቅቤውን መጨመር፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ የታጠበውን ዶሮ ማስገባት፣ መጨረሻ ላይ መከለሻና እንቁላል ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እግርሽን ሰቅለሽ ቡና መጠጣት ትችያለሽ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ የሚውልበት ዓመት ከሆነና ቤታችሁ ጾም የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ዶሮው ለሚቀጥለው ቀን ይዛወራል። የበዓሉ ዕለት በጾም ወጥና በቡና ይከበራል።

ድፎ ዳቦ ግዢ። ጠላም የምትጠምቅ ሴት ሰፈራችሁ አትጠፋም፣ ከእሷ ግዢ። ከዳቦ ቤት የመጣ ድፎም ሲቆረስ ይመረቅበታል። ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለው አቧራ እስከ መስቀል ይቆይ። ለምግቡም ቢሆን ዶሮ፣ አንድ የሥጋ ዓይነት፣ አይብ በጎመን በቂ ነው። ስድስት ዓይነት ወጥ ደርድረሽ ከእንግዶችሽ ጋር መቀመጥ ካልቻልሽ፣ የመጡት አንቺን ሳያገኙ ነው የሚመለሱት። ወጪው ከብዷችሁ ከሆነም ቅርጫ አለ። ብሎካችሁ ውስጥ በየበዓሉ በሬ ገዝተው መደብ መደብ የሚካፈሉ ሰዎች ካሉ ግቡ። ሥጋው ይረክሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሥጋው ሲመደብ ማልደው ከሚሰበሰቡት ጎረቤቶች ጋር ባለቤትሽ ይተዋወቃል። ለበዓል ብላችሁ ግን አትበደሩ። በጥቅምት የሚከፈል የመስከረም ዶሮ አይጣፍጥም።

አሁን ወደ ልጆቹ። ልጅሽ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ያለችው በዓል ስለጠላች አይመስለኝም። በዓሉ ውስጥ የምትሠራው ነገር ስለሌላት ነው። ልብስ ለብሳ፣ «አትንኪ፣ አታቆሽሺ» እየተባለች ሶፋ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ስልክ ብታነሣ አልፈርድባትም።

እንቁጣጣሽ ደግሞ ከሁሉም በዓል ይልቅ የልጆች ነው። ይህን ዕድል አታሳልፊው። የሴቷ ሥራ የታወቀ ነው። ብሎኩ ውስጥ ካሉ እኩዮቿ ጋር የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ አደይ አበባና ቄጠማ ይዛ፣ በየበሩ እየዘፈነች ትዙር። ከዚያ በፊት ግን አንቺ ጥቂት ጎረቤቶችን አነጋግሪ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው፤ ልጆቹ አንኳኩተው የሚከፍት ሲያጡ ቅስማቸው ይሰበራል። «ልጆች ይመጣሉ፣ ዳቦም ሳንቲምም አዘጋጁ» ብትያቸው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም። ብዙዎቹ እነሱም ልጅ ሆነው የሠሩት ነገር ነው።

ወንዱ ደግሞ ይሣል። ወንዶች ልጆች ለአዲስ ዓመት መልአክና አበባ ሥለው፣ ቀለም ቀብተው፣ በጠዋት ለዘመድ ለጎረቤት የማደል ልማድ አላቸው። ዛሬ የታተመ ካርድ ተክቶታል። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ወረቀትና ከለር ገዝተሽ ስጪው፣ ጳጉሜን ሙሉ ይሣል። የመልአኩ አንድ ክንፍ ከሌላው ቢተልቅ፣ ዓይኑ ግንባሩ ላይ ቢወጣ፣ አታርሚው። አንደኛውን ለአያቱ፣ አንደኛውን ለጥበቃው፣ አንደኛውን ታች ላለው ባለሱቅ ይስጥ። እጁ ላይ የሚያስቀምጡለትን ብር ሲቆጥር የምታዪው ፊት ስልክ ላይ አይገኝም።

ጳጉሜንን ካነሣሁ አይቀር፣ ይህቺን ወር አትናቂያት። አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ሰው ሁሉ በገበያ ሩጫ ያሳልፋታል። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ልጆች ወጥተው ይመቱበታል። ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ግቢው ውረጂ። ይበስብሱ። አንቺም ዣንጥላሽን አጥፊ። ወጪ የለውም፣ የሚያስፈልገው ፎጣና ትኩስ ሻይ ነው። ሁልጊዜ «ከዝናብ ግቡ» የምትል እናት ያን ቀን «ውጡ» ስትል ልጆች ምን ያህል እንደሚደሰቱ ታያለሽ።

የሆቴሉ ነገር። ሆቴል መብላት ነውር አይደለም። ባለቤትሽም ይህን ያለው አንቺ ስትቃጠዪ እያየ መፍትሔ የፈለገ መስሎት ነው። ግን መስከረም 1 ቀን ባይሆን እመርጣለሁ። በዚያ ቀን ሆቴል ከሄዳችሁ ልጆቹ በየበሩ የሚዞሩበት ጠዋት ይቀራል። ጎረቤት መጥቶ በር ዝግ ያገኛል። አማትሽም ይከፋቸዋል፣ ደግሞም እውነት አላቸው። ሆቴሉን ለአንድ ተራ ቅዳሜ አውሉት። ያለ ምክንያት፣ ማንም ሳይጠብቃችሁ፣ ሁለታችሁ ብቻ ብትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ልጆቹን አያታቸው ጋ ተዉአቸው።

ስለ መዝናናት የጻፍሽው ከበዓሉ እኩል አሳስቦኛል። መዝናናት ሲባል ወጪው የሚታይሽ፣ መውጣት ማለት ካፌ ገብቶ ኬክና ጁስ ማዘዝ ሆኖ ስለቀረ ነው። አራት ሰው ይዞ ካፌ መግባት እውነትም ይከብዳል። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ባለ አንድ እሑድ እንጦጦ ውጡ። ዝናቡ ቀንሶ፣ ሜዳው አደይ ለብሶ፣ አየሩ ጠርቶ የሚገኘው ያኔ ነው። በታክሲ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዳችሁ ከዚያ ወደ ላይ የሚሄደውን ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በፔርሙስ ሻይ ያዙ። ማልዳችሁ ሂዱ፣ ሹራብ አትርሱ፣ ተራራው ላይ ይበርዳል። እዚያ ላይ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የምኒልክ ቤተ መንግሥት አሉ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መናገሻው እዚህ ተራራ ላይ ነበር። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በ1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱን ለልጆቹ አሳዪአቸው። ጭቃ ግድግዳ ነው፣ ቀላል ነው። ልጅሽ «ንጉሥ እዚህ ነው የሚኖረው?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠይቅ አባትየው መልሱን ያዘጋጅ።

ዝናብ በሚሆን ቀን ደግሞ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ድንቅነሽን አሳዪአቸው። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ሐዳር፣ የተገኘች ናት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ቁመቷ ከልጅሽም ሳያንስ አይቀርም። አጠገቧ አቁሚያትና ታስተያይ። ሁሉንም ነገር አንድ ቀን ላይ ለማሳየት አትሞክሪ። ልጅ አንድ ሰዓት አይቶ «ሌላ ጊዜ እንምጣ» ብሎ ቢወጣ ይሻላል።

እንዲህ ያለውን ነገር በወር አንዴ ካደረጋችሁ በቂ ነው። የቀሩት እሑዶች ላይ ልብስ አጠባውን ወደ ቅዳሜ አምጪውና ተካፈሉት። ልጆች ካልሲያቸውን ማጠብ ይችላሉ፣ ማስጣት ይችላሉ። እሑድ ከሰዓት ጀበናው ይጣድ። ፈንዲሻ ይፈንዳ፣ የአራታችሁም ስልክ መኝታ ቤት ይቀመጥ። የአራታችሁም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አቦሉን ጠጥታችሁ እንዳትነሡ፣ ቶናውንም በረካውንም ጠብቁ። ጨዋታው የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ጎረቤትም ጥሩ። ሙስሊም ጎረቤት ካለሽ በበዓሉም ቀን ጥሪያት። ሥጋሽን ባትበላ ዳቦና ቡና አለ። እሷም በዒድ ትጠራሻለች፣ ልጆችሽም ሁለት አዲስ በዓል ያገኛሉ።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ መስቀል ቅርብ ነው። መስከረም 16 ደመራ፣ 17 መስቀል። የመስቀል አደባባዩን ደመራ ዩኔስኮ ሳይቀር ያውቀዋል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግን የስድስት ዓመት ልጅ ይዘሽ እዚያ ሕዝብ መሀል መግባት ድካም ነው። ልጁ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። የሰፈራችሁን ደመራ ምረጪ። አመሻሽ ላይ በየሰፈሩ ይለኮሳል። እዚያ ልጁ እሳቱን ከቅርብ ያያል፣ ችቦ ይይዛል፣ ደመራው ወዴት እንደሚወድቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ ይጠብቃል። ባለቤትሽ ከልጁ ጋር ይሂድ፣ አንቺና ሴት ልጅሽ ደግሞ ጓዳውን ሳይሆን በረንዳውን ያዙ። ለመስቀል ዶሮ አትሥሪ። ክትፎ ከጎመንና ከአይብ ጋር ይበቃል፣ እሱም ቢበዛ የሰዓት ሥራ ነው።

የቀሩት አማትሽ ናቸው። በደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዳኛ ነው ያስቀመጥሻቸው፤ ሲመጡ የሚፈርዱ ሰው አድርገሽ። እኔ እሳቸውን የምፈልጋቸው እንደ እጅ ነው። ዛሬውኑ ደውዪላቸው። «እማማ፣ ወጡን እርስዎ ካልቀመሱልኝ አይሆንም፤ ዋዜማውን ከእኛ ጋር ይደሩ» በያቸው። እንግዳ ሆነው በበዓሉ ቀን ሲመጡ የጎደለውን ነው የሚያዩት። ዋዜማ ላይ ሲመጡ ግን ሥራው የእሳቸውም ይሆናል። ልጃቸው ሽንኩርት ሲከትፍ ሲያዩ መጀመሪያ ይደነግጡ ይሆናል። ተዪአቸው፣ ይለምዱታል። አንቺ ምጣድና ድስት ላይ ከመጨነቅ ቡናውን አፍዪ።

ሴት ልጅሽን ደግሞ አያቷ አጠገብ አስቀምጪያት። ዶሮው ሲበለት አሥራ ሁለቱን ብልት አብራ ትቁጠር። የትኛው የማን ድርሻ እንደሆነ እሳቸው ይንገሯት።